በሦስት ኮፒ የተጠየቀው ሶሎ

በአንድ የከተማ አዳራሽ ባንድ ውስጥ ቤዝ ጊታር የምትጫወት አንዲት ምላሰኛ ሴት ነበረች። ጃዝ መማር ከጀመረች ዓመት ሊሞላት ነው። ኖታ ሳያዩ እዚያው መድረክ ላይ እየፈጠሩ መጫወትን፣ ወግ እንደሚያወራ ሰው ቆም፣ ቀጠል ማለትን ጣቶቿን ስታለማምድ ከርማለች። ለከተማው በዓል ብቻዋን የምትጫወትበት የሁለት ደቂቃ ሶሎ ሲሰጣት ታዲያ ደስታዋ ወሰን አጣ።

ይህን የሰሙት የአዳራሹ ኃላፊ አቶ ገብረየስ ባንዱን በሙሉ ለስብሰባ ጠሩ። እንደ ልማዳቸው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ከደረት ኪሳቸው አራት ገጽ የተተየበ ወረቀት አውጥተው፣ መነጽራቸውን አስተካከሉና «ያለ ምንም ዝግጅት፣ ልቤ የነገረኝን ጥቂት ቃላት ልናገር» ብለው ማንበብ ጀመሩ። አራተኛው ገጽ ሲያልቅ ወደ እሷ ዞሩ።

«አንቺ፣ እዚያው የምፈጥረው ሶሎ አለኝ ብለሻል አሉ። እኔ የማላውቀው ነገር መድረኬ ላይ አይፈጠርም! የምትፈጥሪውን በሙሉ ጽፈሽ እስከ ነገ አራት ሰዓት በሦስት ኮፒ አቅርቢ፤ ማህተም ይደረግበታል። አለዚያ በዓሉ ላይ አትጫወቺም።»

እሷ ከመቀመጫዋ ተነሥታ እጅ ነሣች።

«እሺ ጌታዬ፣ እጽፋለሁ። ግን ገና ተማሪ ነኝና አንድ ነገር ያሳዩኝ። እዚህ ወረቀትዎ ላይ ‹ያለ ምንም ዝግጅት› የሚለው ስንተኛው መስመር ላይ ነው የተተየበው? የእኔንም ከዚያው መስመር እጀምረዋለሁ።»