ዋርካው ላይ የተሰማ ዋጋ

በአንድ ወቅት፣ ስልክ ቤት ውስጥ አልሰማ ብሎ ዋርካ ላይ ብቻ በሚሰማበት አገር፣ ሽንኩርት የሚያመርቱ ሦስት ወንድማማቾች ነበሩ። ዋርካው ረጅም ነው። የሚወጣው ሰው ስንቁን ቋጥሮ፣ ቤተሰቡን ተሰናብቶ ነው የሚወጣው።

ታላቁ ሙሉሰው በጉን ሸጦ ስልክ ገዛ፤ በሰፈሩ ሌላ ስልክ የለም። መካከለኛው ምንይችል ጣራው ላይ ሶላር አለው፤ እሱ ባትሪውን ካልሞላው ስልኩ ድንጋይ ነው። ታናሹ ሽባባው ደግሞ ዛፍ ሲወጣ ጦጣ ቆማ ታየዋለች። ጫፉ ደርሶ የሚደውል እሱ ብቻ ነው።

የሰፈሩ ደንብ አንድ ነው፤ ዋርካው ላይ የተሰማ ነገር እዚያው ሆኖ ለሁሉም ይለፈፋል። መርዶም ይሁን ሰርግ። አንዴማ ሽባባው እጮኛው እንደተወችው ሳይቀር ለፈፈ፤ ደንብ ነዋ።

አንድ ቀን ነጋዴ መጥቶ፣ ከተማ ሽንኩርት ረክሷል አላቸው። ሙሉሰው ስልኩን አወጣ፣ ምንይችል ሞላው፣ ሽባባው ወጣ። ከተማ ያለው የአክስታቸው ልጅ ዋጋው እጥፍ ሆኗል አለው። «መኪና እልካለሁ፣ ግን ሙሉ ጭነት ከሌለ ሾፌሩ አይመጣም» አለው። የሦስቱ ሽንኩርት ደግሞ ግማሽ መኪና ነው።

የሽባባው ፊት ሲበራ ሙሉሰው ከታች አየና፣ «ዝም ብለህ ውረድ» አለው።

ዝም ብሎ ወረደ፤ የሰማውን ለወንድሞቹ ብቻ ሹክ አላቸው። ሦስቱም ጎረቤታቸው እትዬ የሻረግ ዘንድ ሄዱ። ባል የሞተባት፣ ልጆቿን በሽንኩርት የምታሳድግ ሴት ናት። ሽንኩርትሽን በነጋዴው ዋጋ እንግዛሽ አሏት። መርቃ ሸጠችላቸው። መኪናው ሞላ፤ ከትርፉ ጊደር ገዝተው ዋርካው ሥር አሰሩ።

ከዚያማ ጊደሯ የማን ናት የሚል ክርክር ሆነ።

«በጌን ባልሸጥ ስልክ የለም» አለ ሙሉሰው።

«ባልሞላልህ ምን ልታደርገው ነበር፣ ልትቀቅለው?» አለ ምንይችል።

«ሁለታችሁም መሬት ላይ ነበራችሁ» አለ ሽባባው።

እትዬ የሻረግ ወሬው ደርሷት ነጠላዋን አጣፍታ መጣች። «አንተ ልጅ» አለችው ሽባባውን፣ «የወንድሜን መርዶ ስትሰማ ተራራው እስኪያስተጋባ ጮኸህልኛል። ዋጋ ስትሰማ ጉሮሮህን ምን ያዘው?»

ሽባባው ወንድሞቹን አየ። ወንድሞቹ ጊደሯን አዩ። ጊደሯ ሣሯን ትግጣለች።

«እትዬ፣ ያው ለነጋዴው ልትሸጪው አልነበር? ምን ጎደለብሽ?» አለ ሙሉሰው።

«ያለኔ ሽንኩርት መኪናው ይመጣ ነበር?» አለችው።

በሉ ፍረዱ። ፈጠን በሉ ደግሞ፤ ጊደሯ እርጉዝ ናት፣ ከወለደች ክርክሩ ሁለት ይሆናል። ጊደሯ የምትገባው ለማን ነው፤ ስልኩን ለገዛው፣ ባትሪውን ለሞላው፣ ዋርካውን ለወጣው፣ ወይስ ምንም ሳትሰማ መኪናውን ለሞላችው?