ባዶውን የማይመለስ ሳህን

የክልል ምክር ቤት አባሉ አቶ ደምመላሽ ዳግም ሊመረጡ ፈልገው የትውልድ ቀበሌያቸውን ሕዝብ ሰበሰቡ። «እኔ የድሃ ልጅ ነኝ፤ ምክር ቤት የገባሁት በአንድ ያለቀ ኮት ነው። የቅስቀሳ ወጪዬን የሸፈኑልኝም፣ ይቺን መኪና የሸለሙኝም ባለሀብቱ አቶ ሽብሩ ናቸው፤ በፍቅር! ጉቦ ነው የሚል ካለ እዚሁ ፖሊሱ ፊት ተነስቶ ይናገር!» አሉ።

ሰው ሁሉ አቀረቀረ። አንዲት በርበሬ ነጋዴ ብቻ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሳች።

«ኧረ እኔስ ጉቦ አልልም፣ ጌታዬ። ግን በእኛ አገር በፍቅር የመጣ የጎረቤት ሳህን ባዶውን አይመለስም። የአቶ ሽብሩን ሳህን ምን አድርገውበት መለሱት?»

«ምንም! እግዜር ምስክሬ ነው፣ ቅንጣት ታህል አልመለስኩም!»

«ታዲያ አቶ ሽብሩ ያጠሩት የግጦሽ መሬታችን በማን ሳህን ሄደላቸው?»