አራጋው በደረቄ ወንዝ ዳር

በራያ ቆላ፣ ከአስፋልቱ ተገንጥሎ ወደ ግራር አምባ በሚወስደው የጠጠር መንገድ ላይ፣ መንገደኛ ሲሸኝ የምትነገር አንዲት አባባል አለች። ከባድ መኪና የሚነዳውም ያውቃታል፣ ግመል የሚስበውም ያውቃታል። ሌላ አገር የሰማት ሰው ቀልድ ትመስለውና ፈገግ ይላል። የግራር አምባ ሰዎች ግን ሲናገሯት አይስቁም፤ በማን ቀብር ማግሥት እንደተወለደች ያውቃሉና።

አራጋው ካሳው የዚያው የግራር አምባ ልጅ ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ አዲስ አበባ ገብቶ ፍሪጅ መጠገን ለመደ፤ ከዚያ ወዲያ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየሰው ማድ ቤት፣ ከፍሪጅ ጀርባ ተንበርክኮ ኖረ። ሃምሳ ሊሞላው አንድ ዓመት ሲቀረው መኪና ገዛ። ከቤት አውቶሞቢል ከፍ፣ ከመስክ መኪና ዝቅ የምትል፣ ነጭ፣ አዲስ ኤስዩቪ ነበረች። የወንበሮቿን ላስቲክ እንኳ አልገፈፈላትም። ጋራዥ ያለው ወዳጁ ዞሮ ዞሮ አያትና፣ «ቆንጆ ናት አራጌ፤ ቁመቷ ግን አያታልህ። ፎር ዊል አይደለችም፣ የሚጎትቷት የፊት ጎማዎቿ ብቻ ናቸው» አለው። አራጋው የሰማው «ቆንጆ ናት» የሚለውን ነበር።

የመጀመሪያውን ረጅም መንገድ ማንን ይዞ እንደሚሄድ ገና ሳይገዛት ወስኗል። እናቱ በአራስ ቤት ስትሞት ተቀብላ ያሳደገችው አክስቱ ስንዱ ለዓይን ሕክምና አዲስ አበባ መጥታ እሱ ዘንድ ከርማለች። ስድስት ዓመት የጋረዳት ሞራ ተነሥቶላት፣ ሐኪሙ «አሁን አገርዎ ይግቡ» ካላት አንድ ሳምንቷ ነው። እቴቴ እያለ የሚጠራትን እቺን ሴት፣ በአውቶቡስ ጭኖ ሳይሆን በገዛ መኪናው የፊት ወንበር አስቀምጦ፣ በሯ ድረስ ሊያደርሳት ፈለገ። ማን ይፈርድበታል?

በነሐሴ መጨረሻ፣ ገና ሳይነጋጋ ተነሡ። የጣርማ በርን ዋሻ አልፈው ቁልቁለቱን ሲይዙ ስንዱ ጥቁር መነጽሯን ብድግ እያደረገች ጭጋጉን ታያለች። ሸዋ ሮቢት ላይ የማሽላውን አረንጓዴ አይታ አለቀሰች። «አቤት አምላኬ፣ ቅጠሉ ሁሉ ለየብቻ ነው እንዴ?» አለች። አራጋው መሪውን ይዞ ሳቀ። ደሴ አደሩ፤ በማግስቱ ወልድያን አልፈው፣ ከቆቦ ሜዳ ወዲያ አስፋልቱን ለቀው ጠጠሩን ያዙ። መኪናዋ እስከዚያ ድረስ አንዲት ክፉ ድምፅ አላሰማችም። በየቁልቁለቱ ሲወርድ ልቡ ከሷ ጋር አብሮ የሚንሳፈፍ መሰለው።

ግራር አምባ ከመድረሱ በፊት አንድ ወንዝ ይቀራል፤ ደረቄ ይሉታል። አብዛኛውን ዓመት ሁለት መቶ እርምጃ የሚያህል አሸዋ ነው፤ መሐሉ ላይ ሕፃን የሚሻገራት ቀጭን ውሃ ትወርዳለች። ድልድይ የለውም። ክረምት ላይ ግን ከበላዩ ያሉት የላስታ ተራሮች ሲዘንብባቸው፣ ቆላው ፀሐይ እየሞቀ ሳለ፣ ጎርፉ ሳይታሰብ ይደርሳል።

ከሰዓት በኋላ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ዳርቻው ላይ ደረሱ። ሁለት የጭነት መኪናዎችና አንድ አውቶቡስ ሞተራቸውን አጥፍተው ቆመዋል። ሰዉ ከትልቅ ግራር ሥር ተቀምጧል። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ከተራሮቹ ላይ ብቻ እንደ ጥላሸት የጠቆረ ደመና ተኝቷል።

አራጋው ፍሬን ያዘና መሪውን እንደጨበጠ ቀረ። ይህን ዳርቻ ያውቀዋል። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት አባቱ ሞቶ፣ መርዶውን ሰምቶ በአውቶቡስ ሲበር መጥቶ፣ እዚሁ ግራር ሥር አንድ ቀን ተኩል «ጠብቅ» ተብሎ ጠብቆ ነበር። ሲሻገር የአባቱ መቃብር አፈር ደርቆ አገኘው። ያን ቀን ያስቆጨው ውሃው አልነበረም፤ «ጠብቅ» ያለው ሰው ፊት ነበር በዓይኑ የቀረው። የራሴ መኪና ቢኖረኝ እሻገር ነበር እያለ አሥራ ሁለት ዓመት ኖሯል።

«አራጌ፣ ሰዉ ምን ሆኖ ነው የቆመው?» አለች ስንዱ።

«ሾፌሮች ናቸው፤ ጥላ ሲያገኙ ያርፋሉ።»

«ውረድና ጠይቃቸው እንጂ።»

«ምኑን ልጠይቅ እቴቴ? ውሃው ቁርጭምጭሚት አይደርስም።»

ስንዱ መነጽሯን አውልቃ ወደ አሸዋው አየች። «ውሃው ደፍርሷል። ቅጠልና እበት ይዟል። ላይ አገር ዝናብ ወርዷል ማለት ነው፣ ልጄ።»

«ዓይንሽ ገና አልጠናም» አላት፤ አነጋገሩ ከልቡ ይልቅ ሻከረ።

በዚህ ጊዜ ከግራሩ ሥር አንድ ሰው ብድግ አለ። ረዘም ያለ፣ ሽርጥ ያገለደመ፣ አርባ ዓመት የሚሆነው ገበሬ ነው። ይመር ይባላል፤ ክረምት ሲሆን የሰው ዕቃና ደካማ እያሻገረ የወንዙን ጠባይ እንደ በሬው ጠባይ የሚያውቅ ሰው ነበር። ቀኝ እጁን ከፍ አድርጎ፣ መዳፉን ወደ መኪናዋ ዘርግቶ ቆመ። አጠገቡ የተቀመጡት አዛውንት፣ ሼህ ሙሄ፣ በከዘራቸው ወደ ተራራው ያመለክቱ ነበር።

አራጋው እጁን አየ። ከዘራውንም አየ። ከዚያ ፊቱን ወደ ፊት መለሰና ማርሹን አስገባ።

መኪናዋ ወደ አሸዋው ስትወርድ መጀመሪያ በደንብ ሄደች። መስታወት ዝቅ አድርጎ ለሾፌሮቹ እጁን ሊያውለበልብ ሁሉ ቃጥቶት ነበር። ቀጭኗን ውሃ ስትነካ ግን የፊት ጎማዎቿ አሸዋውን ይቆፍሩ ጀመር። ነዳጅ ሲሰጣት ይበልጥ ሰመጠች። ወደ ኋላ ቢላት እምቢ አለች። አሸዋው ኮፈኑ ላይ እየተረጨ ሞተሩ ጮኸ።

ድምፁን መጀመሪያ የሰማችው ስንዱ ናት። ብዙ ከብት በአንድ ላይ ሲግተለተል የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ነበር። «ወረደ!» አለች። «አራጌ፣ ወረደ!»

ይመር ከጭነት መኪና ላይ ገመድ አስፈትቶ፣ ጫፉን ለሾፌሮቹ ሰጥቶ፣ ሌላውን ወገቡ ላይ አስሮ ሲሮጥ መጣ። በሩን ከፈተና ጀርባውን ሰጣት። «እናቴ፣ አንገቴን ይያዙ። አይፍሩ።» አዘላትና ወደ አራጋው ዞሮ፣ «ተዋት ወንድሜ! መኪናዋን ተዋትና ተከተለኝ!» አለ።

አራጋው ሰማው። ነገር ግን ሞተሩ ገና ይሠራ ነበር፤ አንዴ ብቻ፣ አንዴ ብቻ ብትይዝልኝ አለ በልቡ። ነዳጁን ረገጠ። ደግሞ ረገጠ። የሠላሳ ዓመቱ ጉልበት እግሩ ሥር ነበርና እግሩን ሊያነሣ አልቻለም። ቀና ሲል ከላይ በኩል ቡናማ ግድግዳ የመሰለ ነገር ግንድና ቁጥቋጦ ተሸክሞ ይመጣል።

ይመር ስንዱን ዳር አድርሶ አወረዳት። ሰዉ «አትመለስ!» አለው። ሼህ ሙሄ ሽርጡን ይዘውት ነበር ይባላል። እሱ ግን ወደ መኪናዋ አየና፣ «ሰው እኮ ነው» ብሎ ተመለሰ። ሲደርስ ውሃው ከወገቡ በላይ ሆኖ፣ መኪናዋ ተነሥታ መዞር ጀምራ ነበር። አራጋውን በመስኮቱ ጎትቶ አወጣው። ገመዱ አንድ ነው። ከራሱ ወገብ ፈትቶ ከአራጋው ብብት ሥር ቋጠረው፤ እሱ በእጁ ብቻ ያዘ።

«ሳቡ!» አለ።

ሳቡ። ዳርቻው አሥር እርምጃ ሲቀረው አንድ የሾላ ግንድ እየተንከባለለ መጣ። አራጋው የሚያስታውሰው ገመዱን ከያዙት የይመር እጆች አንዱ ሲላላ፣ ከዚያ ሁለተኛው ሲላላ ነው። ሲዞር ውሃ ብቻ ነበር።

ይመርን በማግስቱ ረፋድ ላይ፣ ከወንዙ በታች የአንድ ሰዓት መንገድ ያህል ርቆ፣ ውሃው አሸዋ ላይ ትቶት አገኙት። መኪናዋም ከዚያው አካባቢ፣ ጣሪያዋ ተጨፍልቆ ጭቃ ሞልቷት ተገኘች፤ እሷን ብሎ የሄደ ሰው ግን አልነበረም። ይመርን ዕለቱን ቀበሩት። አራጋው በሰው ጋቢ ተጠቅልሎ ከቀብሩ ኋላ ቆመ። ማንም አልሰደበው። ያገሬው ሰው ውሃ አጠጣው፣ ቦታ ለቀቀለት፤ እሱን የጎዳው ግን ይኸው ነበር።

በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ቤት ገብቶ ተቀመጠ። ስንዱ አጠገቡ ናት። የይመር ሚስት ዘሀራ ሁለት ልጆቿን ከጎንና ከጎን አድርጋ፣ ፊቷን በነጠላ ሸፍና ቆይታ ነበር። ነጠላውን ገለጠችና አየችው።

«ወንድሜ» አለችው፣ «አንድ ነገር ልጠይቅህ። ይመር እጁን ሲያነሣልህ አይተኸዋል?»

አራጋው አፉን ሳይከፍት ስንዱ ቀደመች። «የኔ እናት፣ አላየውም። ፀሐዩ ፊት ለፊት ነበር፤ ዓይኑን ይዞት ነው።»

ከዚያች ደቂቃ ማምለጫው ይህ ነበር። ያሳደገችው ሴት፣ በአዲስ ዓይኗ ሁሉን ያየችው፣ በሐዘን ቤት መሐል ውሸት ዋሸችለት። አንገቱን ዝቅ ቢያደርግ በቂ ነበር።

«የለም እቴቴ» አላት። ወደ ዘሀራ ዞረ። «አይቼዋለሁ።»

«ተዋት ሲልህስ?»

«ሰምቼዋለሁ።»

«ታዲያ ምነው?»

ስለ አባቱ ቀብር፣ ስለ ሠላሳ ዓመቱ ሊነግራት አሰበ። ሁሉም በአፉ ውስጥ ትንሽ ሆነበት። «እንድጠብቅ የሚነግረኝ ሰው አልፈለግኩም» አለ፤ እንባው መጣ።

ዘሀራ፣ «እውነቱን ስለነገርከኝ ይብቃህ» አለች። ስንዱ ከመቀመጫዋ ተንሸራታ ወርዳ የዘሀራን ጉልበት አቀፈች፤ «እኔን ብሎ መጥቶ ነው፣ እኔን ብሎ» እያለች አለቀሰች። ዘሀራም አላስነሣቻትም፣ እጇን በስንዱ ራስ ላይ ጣል አደረገች። ትንሹ ልጇ ደግሞ እናቱን ትቶ አራጋውን ትክ ብሎ ያየው ነበር። አራጋው ያን ዓይን መቋቋም አቅቶት ወደ መሬት አቀረቀረ።

ዘሀራ አብረው ለቅሶ ወደተቀመጡት ሼህ ሙሄ ዞረች።

«ሼሁ፣ እነዚህ ልጆች ነገ ያድጋሉ። አባታችን በምን ሞተ ብለው ይጠይቁኛል። ሰው ገደለው ልበል? ውሃ ወሰደው ልበል? ምን ብዬ ልንገራቸው?»

ሼህ ሙሄ መቁጠሪያቸውን በእጃቸው እንደያዙ አራጋውን አዩት፤ ቁጣ አልነበረባቸውም፣ ድካም እንጂ። ከዚያ ልጆቹን አዩና፣ «ቂም አታስተምሪያቸው፤ እንዲህ ብቻ በያቸው» አሏት፤ «ብር ያለው መኪና ይገዛል፣ ልብ ያለው መንገድ ይጠይቃል።»