የኢንጂነሩ ስምና መታጠፊያው

አፉ ከመቀሱ የማይተናነስ አንድ ላሜራ ቆራጭ ነበር። የሚሠራው የሕንፃ አየር ማስተላለፊያ ቱቦ ነው። የቱቦው ሥዕል በኮምፒውተር ይሠራና በየመታጠፊያው ላይ ወርዱና ቁመቱ ይጻፋል፤ እሱም ያንን እያየ ይቆርጣል።

አንድ ቀን አለቃው ኢንጂነር ወልደሰማያት፣ «በየመታጠፊያው ላይ ስሜ ከነማዕረጌ በጉልህ ይጻፍልኝ!» ብለው አዘዙ። ተጻፈ። ስሙ ከዳር እስከ ዳር ተንሰራፍቶ ለልኩ ቦታ ጠፋ።

ቆራጩ ወረቀቱን ቢያገላብጠው ከስም በቀር ምንም የለበትም።

«ኢንጂነር፣ ልኩስ የታለ?» ቢላቸው፣

«አንተ ደግሞ ነገር አታብዛ! የተጻፈውን አይተህ ቁረጥ!» ብለው ጮኹበት። ቆረጠ።

መታጠፊያው ሕንፃው ላይ ሲወጣ ከቦታው በላይ ገዝፎ፣ ጣሪያና ግድግዳ ቢገፉለትም አልገባ አለ። ኢንጂነሩ ቆራጩን አስጠርተው በባለሕንፃው ፊት አፋጠጡት።

«በል ተናገር! ጥፋቱ የማን ነው? ‹የእርስዎ ነው› ብትል ለድፍረትህ ትባረራለህ፤ ‹የእኔ ነው› ብትል ለጥፋትህ ትባረራለህ!»

ቆራጩ የልጆቹ እንጀራ ታየው። ቆቡን አውልቆ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ።

«የሁለታችንም አይደለም ጌታዬ። ወረቀቱ ላይ ያገኘሁት ስምዎን ብቻ ነው፤ እኔም በስምዎ ልክ ቆረጥኩት። ለእርስዎ ስም የሚበቃ ሕንፃ ያልሠሩት ባለሕንፃው ናቸውና ጥፋቱ የእሳቸው ነው!»

ባለሕንፃው ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ቁጭ አለ፤ ሳቁ አላስቆመውም። ኢንጂነሩ ቆራጩን ለማባረር «ስሜ ይህን ያህል ትልቅ አይደለም» ማለት ግድ ሆነባቸው። ይህን ከመናገር ቆራጩን ወደ ሥራው መለሱት።