ለዘጠኝ ቀኗ ልጅ ትንሽ ቀዝቃዛ አየር

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ የሰማችሁ ዝም፣ ያልሰማችሁ ጆሮ ስጡኝ።

ደምሰው የሚባል አናጺ ሚኒባሱን ውስጧን በጣውላ ለብጦ፣ አልጋ ሠርቶ ቤት አደረጋት። አራስ ሚስቱን እቴነሽን፣ የዘጠኝ ቀን ልጁንና አማቱን እማማ ጌጤን ጭኖ ከሰመራ ወደ ኮምቦልቻ ጉዞ ጀመረ። በረሃው መሃል ማቀዝቀዣው ኤሲ ቀጥ! መስኮት ቢከፍቱ የሚገባው እሳት ነው። ልጅቷ ቀላች፣ ጡት እንቢ አለች፣ ማልቀስም ተወች።

«ደምሰው! ልጄ ልትሞትብኝ ነው! ትንሽ ቀዝቃዛ አየር!» አለች እቴነሽ።

ደምሰው መኪናዋን ዳር አቁሞ ኤሲውን «ንፈስ!» አለው። «አልነፍስም፤ ቱቦዬ ተላቅቋል።» ኤሲው ካልነፈሰ ልጅቷ አትጠባም።

ቱቦውን «ግጠም!» አለው። «አልገጥምም፤ ጣውላው ጋርዶኛል።» ቱቦው ካልገጠመ ኤሲው አይነፍስም፣ ኤሲው ካልነፈሰ ልጅቷ አትጠባም።

ጣውላውን «ተነቀል!» አለው። «አልነቀልም፤ ብሎኑ ይዞኛል።» ብሎኑን «ተፈታ!» አለው። «አልፈታም፤ ያጠበቅከኝ አንተ! መፍቻዬን ካቻቢቴ አምጣ።» አይ ያናጺ ነገር፣ ሲሠራ ለዘላለም ነው! ብሎኑ ካልተፈታ ጣውላው አይነቀልም፣ ጣውላው ካልተነቀለ ቱቦው አይገጥምም፣ ቱቦው ካልገጠመ ኤሲው አይነፍስም፣ ኤሲው ካልነፈሰ ልጅቷ አትጠባም።

የመሣሪያ ሳጥኑን ገለበጠ፤ ካቻቢቴ የለም። «የት ነህ?» ብሎ ጮኸ። «እዚህ ነኝ፣ ከአራሷ ትራስ ሥር። እማማ ጌጤ ካልፈቀዱ አልወጣም።»

«አልፈቅድም!» አሉ እማማ ጌጤ። «ሰማንያ ቀኗ ሳይሞላ ብረት ካራስ ራስጌ አይነሳም። ክፉ መንፈስ ቢነካትስ?» እሳቸው ካልፈቀዱ ካቻቢቴው አይወጣም፣ ካቻቢቴው ካልወጣ ብሎኑ አይፈታም፣ ብሎኑ ካልተፈታ ጣውላው አይነቀልም፣ ጣውላው ካልተነቀለ ቱቦው አይገጥምም፣ ቱቦው ካልገጠመ ኤሲው አይነፍስም፣ ኤሲው ካልነፈሰ...

«እናቴ!» እቴነሽ አራስ ነብር ሆነች። «መንፈሱ ሳይመጣ ሙቀቱ ሊወስድብኝ ነው! ንኪያት እስቲ!»

እማማ ጌጤ ነኳት። እሳት እንደነካ ሰው እጃቸውን መለስ አደረጉ። «ደምሰው ልጄ፣ ሌላ ብረት የለህም?»

ደምሰው ሮጦ መኪና ማንሻውን ክሪክ አመጣ።

«ይሄማ ሰይጣንን ከነዘመዶቹ ያባርራል» አሉና ትራሱ ሥር ወሸቁት። «አንገቴን!» አለች እቴነሽ፤ ማን ሰምቷት!

እማማ ፈቀዱ፣ ካቻቢቴው ወጣ፣ ብሎኑ ተፈታ፣ ጣውላው ተነቀለ፣ ቱቦው ገጠመ፣ ኤሲው ነፈሰ። ልጅቷ ግን ዝም። ደምሰው በጣውላው ቁራጭ ያራግብላት ጀመር።

«እንጉዋ!» አለች ልጅቷ።

እቴነሽ ጡቷን አጎረሰቻት፤ ጠባች። ደምሰው መሪው ላይ ተደፍቶ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።

የኔ ነገር እዚህ ላይ ቆመ፤ የእናንተንም ልጆች ያሳድግላችሁ።