ሽማግሌ የሌላት መጽሐፍ

«ስምንት ብትዪው ምን ትሆኛለሽ? እጅሽ ይቆረጣል?»

«አይቆረጥም። ግን ስምንት አይደለም። ሦስት ነው።»

«ከአስር ሦስት! ለእንግዳ! ደራሲው እኮ ዛሬ ነው የሚመጡት፣ ሶስና። ፊታቸው ቆመሽ ‹መጽሐፍዎ ከአስር ሦስት አገኘ› ልትያቸው ነው?»

«አንብቢ ያልከኝ አንተ ነህ። አነበብኩ።»

የሚጨቃጨቁት በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ኪሩቤል የንባብ ክበቡ ሰብሳቢ ነው። ሶስና ደግሞ አዳዲስ ልብ ወለዶችን አንብባ ነጥብ እንድትሰጥ ክበቡ የመረጣት ልጅ ናት። የምትሰጠው ነጥብ በትንሽ ወረቀት ተጽፎ የመጽሐፉ ሽፋን ውስጥ ይለጠፋል፤ ተማሪዎችም ያንን አይተው ይዋሳሉ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አንድ የወንጀል ልብ ወለድ የጻፉ ሰው ክበቡን ሊጎበኙ ነበር። ለቤተ መጻሕፍቱም አንድ ሳጥን አዳዲስ መጻሕፍት ይዘው እንደሚመጡ ቃል ገብተዋል።

«ገዳዩን ገና በሁለተኛው ምዕራፍ አወቅኩት» አለች ሶስና። «መርማሪው ግን እስከ መጨረሻው አላወቀም። ሦስት የሰጠሁትም ለሽፋኑ አዝኜ ነው።»

«እንግዲያው ሳጥኑ ሲቀር አንቺ ትተኪልናለሽ!»

ሶስና ሰው ፊት መናገር የምትፈራ ልጅ ናት። ስትናገር መሬት መሬት ታያለች። አሁንም መሬት እያየች፣ ጥግ ላይ ተቀምጠው የተገነጠሉ መጻሕፍት ወደሚጠግኑት የአማርኛ መምህር ዞረች።

«ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሰው ላለማስቀየም ብዬ ያላመንኩበትን ነጥብ ብሰጥ ማን ይጎዳል? ፍርድ ቤት አይደለም። ማንም አይታሰርም። ልብ ወለድ ነው።»

መምህሩ የያዙትን መጽሐፍ አስቀመጡ። «ተቀመጡ፣ ሁለታችሁም» አሉ። ከዚያም እንዲህ ብለው ነገሯቸው።

መጽሐፍ በማከራየት የሚተዳደር አንድ ሰው ነበረ። ሱቁ በአንድ ትንሽ ከተማ፣ መናኸሪያው አጠገብ፣ በአንድ ሀብታም ሰው የግንብ አጥር ላይ የተደገፈች የቆርቆሮ ክፍል ናት። ሰዎች መታወቂያቸውን መያዣ ሰጥተው መጽሐፍ ይወስዳሉ፤ አንብበው ሲመልሱ ኪራዩን ከፍለው መታወቂያቸውን ይቀበላሉ። ሱቁ ውስጥ ከላይ፣ ከመሃልና ከታች መደርደሪያ ነበረ። አከራዩ አዲስ ልብ ወለድ ሲመጣለት ሳያነብ አያከራይም። ካነበበ በኋላ ውሃ የሚያነሳውን ከላይ ያስቀምጣል፤ ጊዜ የሚያሳልፈውን ከመሃል፤ የቀረውን ከታች። የታችኛውንም አይጥለውም። «የሚወደው አይጠፋም» ይላል። ከላይ ግን አያወጣውም።

የወንጀል ልብ ወለድ ሲያነብ አንድ ልማድ ነበረው። ገዳዩ ሲታወቅ ወደ መጀመሪያው ይመለስና ገዳዩን የሚጠቁመውን ምልክት ይፈልጋል። ደራሲው ምልክቱን ፊቱ አስቀምጦለት እሱ ሳያየው ያለፈ እንደሆነ፣ «አሞኘኸኝ፣ ተባረክ» ብሎ መጽሐፉን ከላይ ያኖረዋል። ገዳዩ በመጨረሻው ምዕራፍ ከሰማይ ዱብ ያለ እንደሆነ ግን ከታች ነው። ቀስ ተብለው የሚነበቡትን፣ ማንም ሳይገደልባቸው ልብ የሚሰብሩትንም በዚያው ትዕግሥት ይመዝናቸው ነበር።

የከተማው ሰው የመጽሐፍ ስም አይጠይቅም። ሾፌሩም፣ ነርሷም፣ ልብስ ሰፊውም መጥቶ «ከላይኛው ስጠኝ» ይላል፤ በቃ። ሰውየውን ያምኑታል።

ከዕለታት አንድ ቀን የግንቡ ባለቤት፣ ያ ሀብታም፣ ልብ ወለድ ጻፈ። የወንጀል ልብ ወለድ ነው። አከራዩ አነበበው። መርማሪው አንድም ነገር አይመረምርም፤ በተቸገረ ቁጥር ስሙን የማይናገር ሰው ስልክ ደውሎ ይነግረዋል። ገዳዩም በታየ ቁጥር ጢሙን እያሻሸ ይስቃል። አከራዩ እስከ መጨረሻው ታግሦ አነበበና ከታች አስቀመጠው።

በማግስቱ ሀብታሙ መጣ። የገዛ መጽሐፉን ለማየት ጎንበስ ማለት ነበረበት። ጎንበስ ማለቱ አንገበገበው። ወጣና ሽማግሌ ላከ።

ሽማግሌዎቹ ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ። አከራዩ ብድግ ብሎ ወንበር አቀረበላቸው።

«ልጄ» አሉት ትልቁ፣ «እኚህ የላኩን ሰው ጎረቤትህ ናቸው። አስቀይመሃቸዋል።»

«አባቴ፣ እኔ ከእሳቸው ጋር ጠብ የለኝም። ከታች ያለው መጽሐፋቸው ነው፤ እሳቸው አይደሉም።»

«መጽሐፉ የማን ነው?»

«የእሳቸው።»

«እንግዲያውስ! ልጅን መትቶ አባትን አልነካሁም አለ አሉ።» ሁሉም ሳቁ። ትልቁ ቀጠሉ። «ከላይ ስቀለው አንልህም። አንድ እርከን ብቻ ከፍ አድርግላቸው። አንተም ትንሽ ትተዋለህ፣ እሳቸውም ትንሽ ይተዋሉ። ለሽበታችን ስትል።»

ሽማግሌዎቹ የተሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ክፉ ሆነው አይደለም። በአገራችን ሽማግሌ የተጣላ ያስታርቃል፤ ከወዲህም ከወዲያም ቆርሶ መሃል ላይ ያገናኛል። ለድንበር ጠብ፣ ለባልና ሚስት ጠብ መድኃኒት ነው። እነዚህ ግን ጠብ የሌለበት ቤት ገብተው አስታረቁ። አንድ ሰው አንብቦ ያመነበትን ነገር እንደ እርሻ ድንበር ለሁለት ከፈሉት።

አከራዩም ተሳሳተ። ሽበታቸውን አፍሮ እሺ አለ። መጽሐፉን ከታች አንስቶ መሃል አኖረው። ተመረቀ፣ ከሀብታሙም ጋር ተሳሳሙ።

ወሬው ግን በከተማው ተሰማ። ከታች የተቀመጡት መጻሕፍት ሁሉ ደራሲ አላቸው፤ ደራሲዎቹም ዘመድ አላቸው። ስለ ፍቅር የጻፈው ነጋዴ ሽማግሌ ላከ። ስለ ራሱ የሕይወት ታሪክ በልብ ወለድ ስም የጻፈው ባለሥልጣን ሽማግሌ ላከ። ይህን ጊዜ ሀብታሙ «እኔ ከእነሱ ጋር እኩል መሃል ልቀመጥ?» አለና ሽማግሌዎቹን መልሶ ላካቸው። አንዴ እሺ ያለ አፍ እምቢ ማለት አቃተው። ክረምት ሳይገባ የታችኛው መደርደሪያ ባዶ ሆነ፤ የላይኛው ሳንቃ ከክብደት ብዛት ጎበጠ።

በዚያው ሰሞን አንዲት ቀጭን ልብ ወለድ በአውቶቡስ ተጭና መጣች። የጻፈቻትን ሴት በከተማው የሚያውቃት የለም። አከራዩ ሊያነባት ተቀመጠ፤ ያዘዘው ሻይ ሳይጠጣ ቀዘቀዘ። ልጇን ማን እንደገደለባት እያወቀች ለማንም ስለማትናገር እናት የምትተርክ ናት። ሲጨርስ እንደ ልማዱ ወደ መጀመሪያው ተመለሰ። ምልክቱ እዚያው፣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ነበር። «አሞኘሽኝ፣ ተባረኪ» አለ። የላይኛውን መደርደሪያ አጨናንቆ አስገባት።

ነርሷ ከሥራ ወጥታ መጣች። ገና ከበሩ «ይቺን ውሰጂ» አላት በደስታ።

ነርሷ መጽሐፏን አገላብጣ አየችና መለሰችለት። «ይቺስ ስንት ሽማግሌ ላከች?» አለችው።

ከቦርሳዋም ሌላ መጽሐፍ አወጣች።

«ባለፈው ከላይ የሰጠኸኝ ይኸው። ገዳዩ ጢሙን ሲያሻሽ እንቅልፍ ወሰደኝ። መታወቂያዬን ስጠኝ፤ ከእንግዲህ ሬዲዮ ይሻለኛል።»

መታወቂያዋን ተቀብላ ሄደች። አከራዩ ቀጭኗን መጽሐፍ እንደያዘ ቆሞ ቀረ። እስከዚያ ቀን ድረስ የዋሸው ለሀብታሙ ሰው ብቻ ይመስለው ነበር።

በገበያው ቀን፣ መንገዱ በሰው በተጨናነቀበት ሰዓት፣ የሱቁን በር ወለል አድርጎ ከፈተ። መጻሕፍቱን በሙሉ አውርዶ መሬት ላይ ዘረገፋቸው። ከዚያም እያነሳ መጀመሪያ እንደፈረደው መለሳቸው። የሀብታሙ መጽሐፍ ከታች ገባ። የነጋዴውም ገባ፤ የባለሥልጣኑም ገባ። ከላይ የቀሩት ጥቂት ነበሩ። ሰው ቆሞ ያያል። ሀብታሙ መጣ፤ ሽማግሌዎቹም እየተጣደፉ መጡ።

«ልጄ፣ ቃል ሰጥተኸን አልነበር?» አሉ ትልቁ።

«ሰጥቻለሁ፣ አባቴ። የማልሰጠውን ነው የሰጠሁት። በድዬ ከሆነ ድንጋይ ተሸክሜ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ። ድንበር ገፍቼ ከሆነ አሁኑኑ እለቃለሁ። ያነበብኩትን ግን ያላነበብኩ አታድርጉኝ።»

«እንግዲያው ከግንቤ ተነቀል!» አለ ሀብታሙ።

ተነቀለ። ቆርቆሮውን አፍርሶ፣ መጻሕፍቱን በጆንያ ሞልቶ፣ መናኸሪያው በር ላይ ሸራ አነጠፈ። መደርደሪያ የለውም። መጻሕፍቱ ሁሉ መሬት ላይ እኩል ተኙ፤ እሱ በአፉ ይናገር ጀመር። «ይሄ ከላይ ነው፤ ይሄ ከታች ነው» ይላል፣ ማንም ቢሰማው። ዝናብ ሲመጣ ላስቲክ ያለብሳቸዋል። ሀብታሙን የሚፈሩ ደንበኞች ቀሩ። ሌሎቹም ሸራው ላይ ጎንበስ ማለት እያፈሩ ቀሩ። ነርሷ ግን አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ መጣች። ዣንጥላዋን እንደያዘች ሸራው ላይ ጎንበስ አለች። ከዚያ መታወቂያዋን አውጥታ ሰጠችው።

«ያቺን ቀጭኗን ስጠኝ» አለችው።

መምህሩ እዚህ ላይ አቆሙና ወደ ሶስና ዞሩ።

«ማን ይጎዳል ብለሽ ጠየቅሽኝ። ደራሲው አይጎዱም፤ ስምንት አግኝተው ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ። አንቺም ዛሬ አትጎጂም፤ ሳጥኑ ይመጣል፣ ኪሩቤልም ያመሰግንሻል። የምትጎዳው ገና ያልመጣችው መጽሐፍ ናት። ሽማግሌ የሌላት፣ ሳጥን ይዛ የማትመጣ። አንድ ቀን ታነቢያታለሽ፤ አልቅሰሽ ዘጠኝ ትሰጫታለሽ። ያን ጊዜ የክፍል ጓደኞችሽ ‹ይቺስ ምን ይዛ መጣች?› ይሉሻል። የአንቺ ወረቀት ያ መደርደሪያ ነው። ሽማግሌዎቹ ደግሞ እኛ ነን፤ ኪሩቤልም፣ ርእሰ መምህሩም፣ እኔም ብሆን፣ እንግዳ ደስ ይበለው የምንል ሁሉ። ተቆጥተን አንመጣብሽም። እየመረቅን ነው የምንመጣብሽ። ለዚህ ነው እምቢ ማለት የሚከብደው። ቢከብድሽም እምቢ በዪን።»

«ቲቸር፣ ሳጥኑ ቢቀርስ?» አለ ኪሩቤል። «እውነቴን ነው። ተማሪው ምን ያነባል?»

«ሊቀር ይችላል። ከቀረ ይጎዳናል፤ አይጎዳንም ብዬ አልዋሽህም። ያም ሰው ዝናብ ላይ ነው የተቀመጠው።» መምህሩ እንደገና ወደ ሶስና ዞሩ። «አንድ ነገር ብቻ። ሰውየውን አትናቂያቸው። የሽፋኑን ቀልድ እዚሁ ተዪው። ገዳዩን የቱ ጋ እንዳወቅሽው ገልጠሽ አሳዪያቸው። አንባቢ ደራሲን የሚያከብረው እንዲህ ነው።»

ከውጭ የመኪና ጡሩምባ ተሰማ። ተማሪው እንግዳውን በሚጠብቅበት አዳራሽ ውስጥ ጭብጨባ ተጀመረ፤ ማይክሮፎኑም ጮኸ። ኪሩቤል ብድግ ብሎ በመስኮት አየ።

«መጡ!» አለ። ከኪሱ ስክሪብቶ አወጣና ለሶስና ዘረጋላት። ድምፁ ለስልሶ ነበር። «እሺ፣ ስምንቱን ተዪው። አምስት በያቸው። መሃል ይሁን። አንቺም ትንሽ ተዪ፣ እኔም ትንሽ ልተው። ለእኔ ስትዪ፣ እህቴ።»

ሶስና ስክሪብቶውን አየችው። አልተቀበለችውም። መጽሐፉን ከጠረጴዛው አነሳች፤ ገዳዩን ያወቀችበትን ገጽ ፈልጋ ጣቷን መሃሉ አስገባች፤ ወደ አዳራሹ ሄደች።