ሁለተኛው ጉርሻ

አንዲት ሴት ነበረች። ስሟን አልነግራችሁም፤ የምታውቋት አላችሁ። በማኅበራችን ውስጥ በጉርሻዋ የታወቀች ነበረች። እሷ ስታጎርስ አፍ አይበቃም! እኔን ራሴን እንባዬ እስኪመጣ አጉርሳኛለች። "ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው፣ አባ" እያለች ትስቅ ነበር።

አንድ ቀን ቡታጋዝ ስትለኩስ ነበልባሉ ቀኝ እጇን አቃጠለው። ሐኪሞች ደከሙላት፤ ቁስሉም ዳነ። ጠባሳው ግን ቆዳዋን ሰብስቦ ያዘው። ጣቶቿ አልዘረጋ አሉ፤ ፀሐይ ሲመታት ደግሞ ያሳክካታል። እጇን ከነጠላዋ ሥር ሸሸገችው።

ወደ ማኅበር የተመለሰች ቀን እኛ ምን አደረግን? ትሪውን ከብበን ስንቀመጥ "እሷ አትቸገር" ተባባልን። ለብቻዋ ሰሃን፣ ለብቻዋ ማንኪያ፣ በር አጠገብ ምቹ ወንበር ሰጠናት። በክፋት ነው? ኧረ አይደለም፣ አዝነንላት ነው! እሷ ግን "እጅሽን ተጠየፍነው" ያልናት መሰላት። እኛ ደግሞ ዝም ብላ ስትበላ አይተን "ተመስገን፣ ተመቻት" አልን። አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ተዋደድን።

በዓመቱ "የዛሬው የመጨረሻዬ ነው፤ ከማኅበሩ ሰርዙኝ" አለች።

ያኔ እማማ የሺመቤት ተነሡ። ሰማንያ ያለፋቸው፣ ጥርሳቸው ያለቀ እናታችን ናቸው። ሰሃኗን ተቀብለው ትሪው ላይ ገለበጡት። እሷን ጎትተው አጠገባቸው አስቀመጧትና አፋቸውን ከፈቱ።

"በይ አጉርሺኝ።"

"እማማ፣ እጄን አያዩትም እንዴ?"

"ዓይኔ መች ያያል! ጉርሻሽ ነው የናፈቀኝ። አጉርሺኝ ብያለሁ!"

ነጠላዋን ገለጠች። ጣቶቿ አልታዘዝ አሏት፤ ግማሹ ወጥ የእማማ ቀሚስ ላይ ፈሰሰ። እማማ ቀስ ብለው አላመጡ፣ ዋጡ፣ እንደገና አፋቸውን ከፈቱ።

"አንድ ያጣላል! ልንጣላ ነው እንዴ?"

ሳቀች! ዓመት ሙሉ ያልሰማነውን ሳቅ ሰማን። ከዚያማ ሁላችንም ተሰለፍን። ያንን ማንኪያ መጀመሪያ ያቀበላት ማን ይመስላችኋል? እኔ ነኝ። አፌን ስከፍት አፈርኩ። እሷ ግን እንደ ድሮዋ አስጨነቀችኝ።

ጠባሳው ጠፋ? አልጠፋም። ዛሬም አለ፣ ዛሬም ያሳክካታል። ማኅበሯ ግን ማኅበሯ ነው።

ልጆቼ፣ ጌታችን እጁ የሰለለችውን ሰው ጥግ ወስዶ አልፈወሰውም። ሰው ሁሉ እያየ መካከል አቆመው፤ እጁን እንዲዘረጋም አዘዘው። እናንተስ? አዝናችሁለት በር አጠገብ ያስቀመጣችሁት ማነው? በደግነታችሁ ያራቃችሁት ማነው? እጃችሁን ከነጠላ ሥር የሸሸጋችሁም እዚህ መካከል አላችሁ። አውጡት፤ እኛ ናፍቆናል።

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ያንን ማንኪያ አንሡት። ካራቃችሁት ሰው አጠገብ ቁጭ ብላችሁ አፋችሁን ክፈቱ። ሲያጎርሳችሁም፣ አደራ፣ ሁለተኛውን ጠይቁ።